መልስ፦ ድምጥያኖስ ለምን ጥምጣም አደረገ?

ጥያቄህ ደስ ይላል ወንድሜ። በጀርመናዊው ሠዓሊ በአልብሬክት ዱረር የእንጨት ቅርጽ ህትመት ላይ ቅዱስ ዮሐንስን በፈላ ዘይት የሚያሰቃየው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ድምጥያኖስ ከሆነ፣ ጥምጣሙ ከየት መጣ ነው ያልከው።

የመጣው ከዱረር ዘመን ነው። ህትመቱ እ.ኤ.አ. በ1498 ከወጡት 15 የዮሐንስ ራእይ ሥዕሎች የመጀመሪያው ነው። ቁስጥንጥንያ በ1453 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ወድቃለች። ያኔ ለአንድ የኑረምበርግ (የዱረር ከተማ) ሰው “ክርስቲያን አሳዳጅ” ሲባል ቶሎ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የቱርክ ሱልጣን ነበር። ዱረር ራሱ ቱርክ አገር አልረገጠም። እንዲህ ያለውን አለባበስ ያጠናው ከቬኒስ፣ በተለይ ከቬኒሱ ሠዓሊ ከጄንቲሌ ቤሊኒ ሥራዎች ነው። ቤሊኒ ግን ቁስጥንጥንያ ድረስ ሄዶ ሱልጣን መሐመድ 2ኛን የሳለ ሰው ነው።

እኔን ሁሌም የሚይዘኝ ግን በወናፍ እሳቱን የሚያናፋው ሰውዬ ነው። ሌላው በጭልፋ ዘይቱን ያፈሳል። ዮሐንስ መሃላቸው ሆኖ ይጸልያል።