ከወረርሽኝ የተረፉት ገበሬዎች ለምን አመፁ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1381 የተነሣው የገበሬዎች አመፅ መነሻው የነፍስ ወከፍ ግብር እንደነበረ አንብቤአለሁ። አንድ ግብር ያን ያህል ሕዝብ ለማስነሣት በቂ ነበርን? አመፁ ከተደመሰሰ በኋላስ ገበሬው ያተረፈው ነገር አለ ወይ? እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ግብሩ እሳቱን ለኮሰው፤ ማገዶው ግን ከ30 ዓመት በላይ ሲከመር የቆየ ነበር። በ1348 እና በ1349 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከእንግሊዝ ሕዝብ ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚገመተውን ጨረሰ። የሚያርስና የሚያጭድ እጅ ሲጠፋ፣ በሕይወት የተረፈው ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ካልተከፈለው ወደ ሌላ ባለርስት ዘንድ ለመሄድ ቻለ። ባለርስቶቹ ይህን ሊታገሡ አልወደዱም። በ1351 በፓርላማ ያወጡት የሠራተኞች ሕግ ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳይበልጥ የሚከለክል፣ እምቢ ያለውንም እግሩን በግንድ አጣብቆ የሚጠርቅ ነበር። ከመሬቱ ጋር የታሰረው ጭሰኛም ለጌታው በነፃ የማረስ፣ ልጁን ሲድር የመክፈል ግዴታው እንዳለ ቀረ። ካመፁት መካከል በየመንደራቸው የተከበሩና ደህና ኑሮ የነበራቸው ብዙዎች ስለሆኑ፣ ዋናው ምክንያት ረኀብ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ኑሯቸው ሊሻሻል ሲጀምር በሕግ መታገዱ ነው ያስቆጣቸው።

ግብሩ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ረጅም ጦርነት ገንዘብ ሲያጥር፣ መንግሥት በ1377 ከእያንዳንዱ ሰው 4 ፔንስ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ሰበሰበ፤ በ1380 መጨረሻ የታዘዘው ግን 12 ፔንስ ነበር። የተመዘገበው ግብር ከፋይ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ወደ 900 ሺህ ገደማ የወረደው ሰዉ ስሙን ስለሸሸገ ነው። የተሸሸጉትን የሚፈልጉ ሹማምንት ወደ ኤሴክስ አውራጃ ቢላኩ፣ ግንቦት 30 ቀን 1381 በብሬንትዉድ የፎቢንግና የአካባቢው መንደሮች ሰዎች አባረሯቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለንደን ደረሰ። የኬንት አውራጃ ሰዎች በዋት ታይለር እየተመሩ፣ ከእስር የወጣው ቄስ ጆን ቦልም እየሰበከላቸው ሰኔ 13 ቀን ከተማዋ ገቡ። በማግስቱ የ14 ዓመቱ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ጭሰኝነት እንዲቀርና የአንድ ኤከር መሬት ኪራይ 4 ፔንስ እንዲሆን ተስማማ። በዚያው ቀን ግን ዐመፀኞቹ የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስ ሳይመን ሰድበሪን አንገቱን ቀሉት፤ በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ ከፍላንደርስ (ከዛሬዋ ቤልጅግ አካባቢ) የመጡ በርካታ ፍሌሚሾችም ያለ በደላቸው ታረዱ። አመፁን በፍቅር የሚተርክ ሁሉ ይህን ሊያልፈው አይገባም። ሰኔ 15 ቀን ታይለር በስሚዝፊልድ ንጉሡ ፊት ተገደለ።

የበደሉን ዓይነት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ የሴንት ኦልባንስ የገዳም ከተማ ታሪክ ነው። በዚያ ሕዝቡ እህሉን በገዳሙ ወፍጮ አስፈጭቶ እንዲከፍል ይገደድ ነበር፤ ቀደም ሲል አንድ አበምኔት የየቤቱን የእጅ ወፍጮ ወርሶ ድንጋዮቹን በክፍሉ ወለል ላይ አንጥፏቸዋል። በ1381 የከተማው ሰዎች ወለሉን ፈንቅለው ድንጋዮቹን አወጡ፤ ሰባብረውም በሰንበት እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ ቁራጭ ቁራጩን ተካፈሉት።

ውጤቱን በተመለከተ፣ በቅርብ የታየው ሽንፈት ነው። ንጉሡ የሰጠውን የነፃነት ደብዳቤ ሐምሌ 2 ቀን ሻረ፤ ጆን ቦልም በዚያው ወር በሴንት ኦልባንስ ተገደለ። ሆኖም መንግሥት እንዲህ ያለውን የነፍስ ወከፍ ግብር ለረጅም ዘመን ለመድገም አልደፈረም። ጭሰኝነትን ያጠፋው አመፁ ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ የሰው እጥረቱ ስለቀጠለ ባለርስቶቹ ቀስ በቀስ የጉልበት ግዴታውን ትተው መሬታቸውን በገንዘብ ማከራየት ግድ ሆነባቸው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያም የቀረው ጭሰኛ ጥቂት ነበር። ዐመፀኞቹ በየደረሱበት ያቃጠሉት ግዴታቸው የተጻፈበትን የጌታውን የፍርድ ቤት መዝገብ ነበር፤ በቀጣዩ መቶ ዘመን የልጅ ልጆቻቸው የዚያኑ ዓይነት መዝገብ ቅጂ ለይዞታቸው ማስረጃ አድርገው በቤታቸው ያስቀምጡ ጀመር።