መልስ፦ ቆሞ የፊት መብራቱ ለሚርገበገብ ኮሮላ
ሰላም ወንድሜ። ማታ ፍሬን ይዘህ ስትቆም ሁለቱም የፊት መብራቶች ይርገበገባሉ፣ ነዳጅ ስትሰጥ ይደምቃሉ ብለሃል። እንደዛ ከሆነ አምፖል ለመቀየር አትቸኩል። የአምፖል ችግር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጎን ብቻ ነበር የሚያስቸግርህ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ኃይሉ ከሚመጣበት ጀምር።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋና የባትሪውን ማሰሪያዎች ነቅነቅ አድርጋቸው። ከላሉ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዛቸው ኔጌቲቩን አስቀድመህ ፍታ፣ ከዛ ፖዘቲቩን፣ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠባቸው፣ በደንብ አድርቀህ አጥብቀህ እሰር፤ ስታስር ግን ኔጌቲቩ መጨረሻ ላይ ነው። ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደውን ሽቦም አትርሳ። የታሰረበት ብሎን ከዛገ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። የኔን መኪና ያስቸገራት ይቺው ብሎን ነበረች።

ካልተስተካከለ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ፈልግና ባትሪው ላይ ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሰራ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። መብራት አብርተህ ከ13 በታች ከወረደ ወይም ቁጥሩ ከዘለለ ቺንጋውን፣ ማለትም ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ እይ፤ እሱ ካልላላ ዲናሞውን (ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላውን) የመኪና ኤሌክትሪሻን ይፈትሽልህ።

አንድ ነገር አደራ። ሞተሩ እየሰራ ባትሪውን ፈትቶ ዲናሞ ልሞክር የሚል ካጋጠመህ በፍጹም እንዳትፈቅድለት። ቮልቴጁ በድንገት ዘሎ የመኪናህን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል።

የለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።