ስዊቹ 1 ላይ ይሁን 2 ላይ? የጀልባ ባትሪ ጥያቄዎቻችሁ

ብርዱ አልፎ ጀልባው ከሸራ ስር መውጣት ሲጀምር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ዘንድሮ ደግሞ አብዛኞቹ ያቺን ቀይ ክብ የባትሪ ስዊች ነው የሚጠይቁት፣ ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

«ጋሼ ሰላም ነው? ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ያገለገለ 21 ጫማ ጀልባ ገዛሁ፣ ሁለት ባትሪ አለው፣ ኦፍ (ጠፍቷል)፣ 1፣ 2 እና ቦዝ (ሁለቱም) የሚል ስዊች አለው። የሸጠልኝ ሰውዬ ሁሌ ቦዝ ላይ ተወው አትነካካው አለኝ። ልክ ነው?»

አይ ወንድሜ፣ ልክ አይደለም፣ እኔም በራሴ ላይ ደርሶ ነው የገባኝ። ከዓመታት በፊት ቼሳፒክ ቤይ ላይ አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ይዘን መልህቅ ጥለን አደርን፣ ፍሪጁ ይሰራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት፣ ስዊቹ ደግሞ ቦዝ ላይ ተረስቷል። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብቻ፣ ሞተሪኖው ንቅንቅ የለም። መኪና ቢሆን ሁለት ጎረምሳ ጠርተህ ታስገፋለህ፣ ጀልባን ማን ይገፋልሃል? ጎታች ጀልባ እስኪመጣ ድረስ ከማታ የተረፈች ድፎ ዳቦ እየቆረስን ቁጭ አልን፣ ባለቤቴም እስካሁን ታነሳብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦዝ ማለት ሁለቱን ባትሪ አንድ ማድረግ ነው (24 ቮልት አይሆንም ወይ ላላችሁኝ፣ አይሆንም፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ስለሚገናኝ ያው 12 ነው)። አንድ ካደረግካቸው አብረው ይሞላሉ፣ አብረውም ይሞታሉ፣ ታዲያ ሁለት ባትሪ መግዛቱ ምን ጠቀመህ? ስለዚህ 1ን ለሞተሩ ብቻ ተወው፣ 2ን ለፍሪጅ፣ ለመብራት፣ ለሙዚቃ አድርገው። 1 ላይ ታስነሳለህ። ትንሽ ከሄድክ በኋላ ሞተሩ እየሰራ ቦዝ ላይ ታደርገዋለህ፣ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። ቦታህ ደርሰህ መልህቅ ጥለህ ሞተሩን ስታጠፋ ወዲያው 2 ላይ። ከፈለግክ ሌሊቱን ሙሉ 2ን ጨርሰው፣ ጠዋት 1 ሙሉ ሆኖ ይጠብቅሃል።

«2 ስንት ሰዓት ይቆይልኛል» ማለትህ አይቀርም። ትንሽ ፍሪጅ ሲነሳ ሲጠፋ በአማካይ 2 አምፒር ቢበላ፣ መብራቱና ሙዚቃው ሌላ 2 ቢበሉ፣ 4 አምፒር በ10 ሰዓት 40 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሚል የሊድ አሲድ ባትሪ (የተለመደው ዓይነት) ብዙ ዓመት እንዲያገለግልህ ከፈለግክ ከግማሹ በታች አታውርደው፣ ስለዚህ አንድ ሌሊት ይበቃሃል፣ ሁለተኛው ሌሊት ግን ልመና ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ባትሪው ምንም ሳይሰራበት ትንሽ ቆይቶ 12.6 ቮልት ካሳየህ ሙሉ ነው፣ 12.2 ሲል ግማሽ ደርሷል፣ ወደ 12 ከወረደ አልቋል በለው።

«ከሚኒሶታ ነው። ሞተሩ እየሰራ ስዊቹን ሳዞር ተሳስቼ ኦፍ ላይ አለፍኩ፣ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከዛ ወዲህ ባትሪዬ በየሳምንቱ ይሞታል። አዲስ ልግዛ?»

ቆይ፣ ገንዘብህን ያዝ። የተጎዳው ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው። ዲናሞው እያመረተ እያለ ባትሪው በድንገት ከተቆረጠበት ጉልበቱ መሄጃ ያጣል፣ ቮልቱ ወደ ላይ ይዘላል፣ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ይቃጠላሉ። ለዚህ አንድ ሰከንድ ይበቃል፣ ከዛም ያነሰ ይበቃል። አንዳንድ ስዊቾች ከኋላቸው ሁለት ቀጫጭን ሽቦ የሚገባባቸው ናቸው፣ ኦፍ ከመድረሱ በፊት ዲናሞውን የሚያሳርፉ፣ ግን ሽቦዎቹን የሚያስር ሰው ብዙም አላየሁም።

ሞተሩን አስነሳና ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርግ። ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየህ ይሞላል፣ 12.4 ብሎ እየወረደ ከሄደ አይሞላም። አሁን ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ቀይረው፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዳዮድ ሄዷል ማለት ነው። የተቃጠለ ዳዮድ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶም ባትሪውን ቀስ እያለ ሊጠባው ይችላል፣ የአንተ በየሳምንቱ መሞት ይሄንን ይመስላል። ለወደፊቱ ከ1 ወደ 2 ስትሄድ በቦዝ በኩል ነው የምታልፈው፣ በኦፍ በኩል በፍጹም። ጥሩ ስዊች አዲሱን ሳይነካ አሮጌውን አይለቅም፣ ስለዚህ በቦዝ በኩል ችግር የለም።

«ከባህር ዳር ነኝ ጋሼ። ጣና ላይ እንግዳ ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ፣ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ አንድ የመኪና ባትሪ። ለእንግዶቹ ስልክ ቻርጅና መብራት ላስገባ አሰብኩ፣ ያ ስዊች ያስፈልገኛል?»

ላንተስ አያስፈልግህም ወንድሜ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ። ለዚህች ጭነት ስዊች ከውጭ ከማስመጣት የሶላር ባትሪ ግዛ፣ እዛው ገበያ ላይ አለ፣ ከጀልባው ጣሪያ ላይ አንድ ትንሽ ፓኔል ከነኮንትሮለሩ አድርግና ስልክም መብራትም ከዛ ይብላ። የሞተሩን ባትሪ ምንም ነገር አይንካው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ሲናወጥ፣ ሰው ጭነህ ሞተር አልነሳ ቢልህ ስልክ ቻርጅ የሚያስታውስ የለም።

አንድ ነገር ግን ፈትሽ። በገመድ ተጎትተው የሚነሱ አንዳንድ ሞተሮች የሚያወጡት ኤሲ ነው፣ ሬክቲፋየር (ኤሲውን ባትሪ ወደሚቀበለው ዲሲ የሚቀይር) ካልተገጠመላቸው ባትሪ አይሞሉም። ያንተ ባትሪ እቤት እየወሰድክ ካልሞላኸው የሚደክም ከሆነ ነገሩ ይሄው ሊሆን ይችላል። የገመድ ማስነሻ ካለው ደግሞ ገመዷን ከጀልባው አታውርዳት።

«ዱባይ ጀልባ ላይ ነው የምሰራው። አሠሪዬ 2ኛውን ባትሪ በሊቲየም ሊቀይር ነው፣ ስዊቹ እንዳለ ይቀጥል?»

እንዳለማ አይቀጥልም። ሊቲየምና ሊድ አሲድን ቦዝ ላይ ማገናኘት ጥሩ አይደለም፣ ባህሪያቸው አይገናኝም፣ ሊቲየሙ ቁጭ ብሎ 13 ቮልት ከምናምን ነው፣ ያኛው ሞልቶም 12.6። ሊቲየም ሲሞላ ደግሞ የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል፣ ዲናሞው እስኪግል ድረስ። በዛ ላይ የውስጥ መቆጣጠሪያው በቃኝ ብሎ በድንገት ከቆረጠ የሚኒሶታው ወንድማችን ላይ የደረሰው ይደርሳችኋል። መሃል ላይ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (ከሞተሩ ባትሪ በኩል ሊቲየሙን በልኩ የሚሞላ) ይግባ በለው፣ ሞተሩ ባትሪ ሊድ አሲድ ሆኖ ለብቻው ይቅር። ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታም እይ፣ በእናንተ ሙቀት ሞተር አጠገብ ማንኛውም ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

«ስዊቹን ኦፍ አድርጌ ወደ ቤት ስሄድ ከጀልባው ስር ውሃ የሚያወጣው ፓምፕም ይጠፋል?»

መጥፋት የለበትም። የፓምፑ መስመር በስዊቹ ሳያልፍ በራሱ ፊዩዝ ከባትሪው ቀጥታ ነው የሚሄደው። ለማረጋገጥ ስዊቹን ኦፍ አድርግና ታች ያለችውን ተንሳፋፊ ማብሪያ በእጅህ ከፍ አድርጋት፣ ፓምፑ ካልጮኸ ዛሬውኑ አሠራው። ፊዩዟ ደግሞ ከባትሪው ብዙ አትራቅ፣ በአሜሪካ የጀልባ ስታንዳርድ 7 ኢንች ነው፣ ወደ 18 ሴንቲሜትር።

«ባለቤቴ ሌክ አና ይወስደኛል፣ ጀልባውን የሚነካው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቢታመም እኔ እንዴት ነው የማስነሳው?»

እህቴ፣ እስካሁን ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይሄ ነው ደስ ያለኝ። ስዊቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፊበትና በአማርኛ ጻፊበት፣ 1 «ማስነሻ»፣ 2 «መብራትና ፍሪጅ»፣ ቦዝ «የጭንቅ ቀን»። 1 ላይ አልነሳ ካለሽ 2ን ሞክሪ፣ እሱም ካልሆነ የጭንቅ ቀኑ ያኔ ነው። ሞተሩ ከወለሉ ስር ያለ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ግን ቁልፉን ከመንካትሽ በፊት የአየር ማስወጫውን ቢያንስ 4 ደቂቃ አብሪው፣ የቤንዚን ትነት ታች ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ራዲዮ ካላችሁ የአደጋ ጥሪ በሚደረግበት ቻናል 16 ላይ እንዴት እንደሚጠራ ይንገርሽ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቺ አስነሺው፣ ጣልቃ ከገባ ምሳውን እሱ ይጥበስ።