«ባዶ» ወይስ «አልቦ»?

ጥያቄ፦ ኮቦል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ፕሮግራመሮች የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። የሲ ፕሮግራም ቋንቋ የሕብረ ቁምፊን (የተከታታይ ፊደላት ጽሑፍን) መጨረሻ የሚያውቅበትን «ናል» ባይት ባዶ ልበለው ወይስ ዜሮ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና «አልቦ» ይበሉት።

«ባዶ» ለጆሮ ቅርብ ስለሆነ ይበቃል የሚሉ አሉ። ጉዱ ያለው እዚያው ቅርበቱ ላይ ነው። ኮቦል ውስጥ 20 ባይት የተመደበለት መስክ በጽሑፉ ካልሞላ ቀሪው በክፍት ቦታ (በስፔስ) ይሞላል፤ አንባቢ «ባዶ» ሲባል የሚታየው ይኸው ነው። ክፍት ቦታ ግን በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ሲጻፍ በአስኪ 20 ነው፣ በኤብሲዲክ ደግሞ 40 (ሁለቱ ለየቁምፊው ቁጥር የሚሰጡ የኮድ ሥርዓቶች ናቸው)፤ እንደ ናል 00 አይደለም። «በባዶ ዝጉ» የተባለ ሰው ስፔስ ይሞላል፤ የሲው ፕሮግራም 00 እስኪያገኝ የጎረቤቱን መስክ ጭምር እያነበበ ይነጉዳል። «ዜሮ»ም አያድንም፦ ዜሮን ወደ ፊደል መስክ ያዛወረ ሰው የሚያገኘው «0» የሚለውን ቁምፊ ነው፤ በአስኪ 30፣ በኤብሲዲክ ኤፍ0። የሚፈለገው ሎው-ቫልዩስ ነው፤ ኮቦል 00 ባይትን የሚጠራበት ስም።

«አልቦ» ግእዝ ነው፤ «አል» አሉታ፣ «ቦ» ደግሞ «በ» ከባለቤት ምዕላዱ ጋር፣ «አለበት» እንደ ማለት። የላቲኑ «ኑሉስ»ም «ኔ» እና «ኡሉስ» ነው፤ አንድም የለ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ዐይነት ቃል ገጠሙ። «ባዶ» ግን የ«በድው»፣ የምድረ በዳ ወገን ነው፤ ስፍራው አለ፣ የሚኖርበት የለም። ለክፍት ቦታ እንዲህ የሚስማማ ስም ከየት ይገኛል? «አልቦም እኮ አንድ ባይት ይይዛል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ከ«አልቦ» አልነቃነቅም።

«በአልቦ የሚያልቅ» ከማለትም «በአልቦ የተቋጨ» ይሻላል፤ የሚቋጨው እንዳይተረተር ነውና። መመሪያዎ መቋጫው ቦታ እንደሚፈልግ ይናገር፦ ለ20 ባይት ጽሑፍ 21 ባይት ይመደብ። ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 የኮድ ሥርዓት የተጻፈ አማርኛ ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 20 ፊደል 61 ባይት ይፈልጋል። ከሲ የመጣውን ሲቀበሉ ኢንስፔክት በተባለው የኮቦል ትእዛዝ ከመጀመሪያው ሎው-ቫልዩ በፊት ያሉትን ባይቶች ይቁጠሩ፤ ቆጣሪው አስቀድሞ ዜሮ መደረግ አለበት፣ ኢንስፔክት በነበረው ላይ ይደምራልና። ቁጥሩ የመስኩን ሙሉ ርዝመት ካከለ መቋጫ የለም ማለት ነው፤ ጽሑፉ አይታመን። ካነሰ ከመቋጫው ጀምሮ ያለው ሁሉ በስፔስ ይተካ፤ አለዚያ 00 መስኩ ውስጥ ይቀርና ለዐይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ስሞች ሲነጻጸሩ ይለያያሉ።

ፕሮግራመሩ በአፉ «ናል» ማለቱን እንደማይተው አውቃለሁ፤ ቃሉ ገብቷል፣ ማስወጣትም አይቻልም። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ በእንግሊዝኛው አንድ ኤል ያለው የአስኪው ቁምፊ ስም ነው፣ ሁለት ኤል ያለው ደግሞ የትም የማያመለክት አድራሻ። የእኛ ጽሕፈት ጥብቀት ስለማያሳይ ሁለቱም «ናል» ሆነው ይቀራሉ። እንግዲያው ለባይቱ «አልቦ ባይት» ይጻፉ፤ «ናል»ን ለአድራሻው ይተዉለት።