ስለ ኦድሪ ሄፕበርን ጠይቁኝ

የድሮ ፊልም ወዳጆች፣ ስለ ተዋናይቷ ኦድሪ የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊት ናት ወይስ ሆላንዳዊት?

መልስ፦ በ1929 ብራስልስ ተወለደች። እናቷ የሆላንድ መኳንንት ወገን ናቸው፤ አባቷ የእንግሊዝ ዜጋ ነበሩ። እሷም እንግሊዛዊት ነበረች።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ቅጥነት በዳይት ነው?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! የጦርነቱን ዘመን ያሳለፈችው በናዚ በተያዘችው ሆላንድ ነው። በ1944 ክረምት ረሃብ ገባ፤ ሰው የአበባ ሥር ቆፍሮ እስከ መብላት ደረሰ። የባሌ ዳንስ ሕልሟም የከሸፈው በከፊል በዚያ ጉዳት ነው፤ ቁመቷም አላገዛትም።

ጥያቄ፦ ኦስካር ያገኘችው በየትኛው ፊልም ነው?

መልስ፦ በ1953ቱ «ሮማን ሆሊዴይ»። አብሯት የተወነው ግሪጎሪ ፔክ ስሟ ከእሱ እኩል ይጻፍ ብሎ ጠየቀላት። ጨዋ ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ የዘፈነችው እሷ አይደለችም አሉ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ አብዛኛውን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን ናት። ግን ኦድሪ ተለማምዳ፣ ቀርጻ ነበር፤ ድምፅዋን የቀየረው ስቱዲዮው ነው። ነገሩን ያጦዘው ሌላ ነው። ገጸ ባሕሪዋን ከፊልሙ በፊት በቲያትር መድረክ ያነገሠችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች፤ የስቱዲዮው አለቃ ዋርነር ግን በፊልም የታወቀ ፊት ፈለገ። ጁሊ በዚያው ዓመት በ«ሜሪ ፖፒንስ» ኦስካሩን ወሰደች፤ ኦድሪ ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። ያም ሆኖ ከሽልማቱ ሥነ ሥርዓት አልቀረችም፤ በፊልሙ አብሯት ለተወነው ለሬክስ ሃሪሰን የምርጥ ተዋናይ ሽልማቱን የሰጠችው እሷ ናት። እኔ ብሆን ቤቴ እተኛ ነበር። «መዝፈን አትችልም» ለሚል ደግሞ በ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» የዘፈነችውን «ሙን ሪቨር»ን ይስማ፤ የዜማው ደራሲ ማንሲኒ ዜማውን በእሷ ድምፅ ልክ ነው የሠራው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አገራችን መጥታለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ በ1988። ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋ ነው። መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ሕፃናት የተጠለሉበትን ማሳደጊያ ጎበኘች፤ ዩኒሴፍም ምግብ እንዲልክ አደረገች። ከዚያ በየአገሩ ቴሌቪዥን እየቀረበች ስለ ረሃቡ ተናገረች። ፎቶ ተነስታ የሄደች የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በ1992 ሶማሊያም ሄዳለች፤ በ1993 መጀመሪያ ላይ በካንሰር ሞተች። ለእኔ ከኦስካሩ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ፊልም ልጀምር?

መልስ፦ ሁሉም «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ይላል። እኔ «ዌይት አንቲል ዳርክ» እላለሁ። ዓይነ ስውር ሆና ነው የተወነችው፤ ፋሽን የለ፣ ጌጥ የለ። መጨረሻው ላይ ሻይ አትያዙ፣ ይደፋባችኋል።