ጀርመኖቹ ቀድመውኛል፣ ኮሜዲዬን ልተወው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከጓደኞቼ ጋር አጭር ኮሜዲ ልንቀርጽ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የፊልም ቡድን ጣና ዳር ሲቀርጽ ዋናዋ ተዋናይ ተጣልታ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ ሐይቁ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ ይተካሉ። ልጅቷ ግን ትወና አትችልም። አንድ ጓደኛዬ «ይሄንን እኮ ጀርመኖች ድሮ ሠርተውታል» ብሎ ሞራሌን ገደለው። እውነት ነው? ልተወው? የላክሁልዎትን ስክሪፕትም ይዩልኝ። (ከሹም አቦ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸም። ፊልሙ በ1932 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዲ ፈርሊብተ ፊርማ» (በፍቅር የተያዘው ኩባንያ) ነው። የጀርመናዊው ዳይሬክተር የማክስ ኦፉልስ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው። ተራራ ላይ ሙዚቃዊ ፊልም የሚቀርጽ ቡድን ዋናዋ ተዋናይ ጥላው ትሄዳለች። እነሱም የፖስታ ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ አግኝተው ወደ በርሊን ይወስዷታል። የፊልም ኩባንያው ወንዶች በሙሉ በፍቅሯ ይነደፋሉ። ሁሉም ኮከብ ሊያደርጋት ይፈልጋል። ችሎታው ግን የላትም።

ስለዚህ ትተወዋለህ? በፍጹም! የነሱ ተራራ ነው፣ ያንተ ጣና ነው። ግን አንድ ነገር ውሰድ። እዚያ የሚሳቅበት ኩባንያው ነው። ልጅቷ ስላልቻለች አትዋረድም። ያንተን ስክሪፕት ሳነብ ቡና የምታፈላው ልጅ ካሜራ ፊት ስትደነግጥ ቡድኑ በሙሉ ይስቅባታል፣ ተመልካቹም አብሮ እንዲስቅ ትፈልጋለህ። ይሄ አልተመቸኝም። የኛ ሰው እንግዳ ተቀብሎ፣ ቡና አፍልቶ፣ መልሶ መሳቂያ መሆን የለበትም። ዳይሬክተሩ ላይ ሳቅ። ረከቦቷን ሦስቴ ከቦታው አስነስቶ፣ ጀበናው ሲገነፍል «ሲኒማ ነው፣ ታገሺ» ይበላት። እሷ ደግሞ ጀበናዋን ታውጣ።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሠርግም ቲያትርም ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ልቆይ። ያኔ ድምፅ ገና አዲስ ነበር። ኡፋ የተባለው የጀርመን ፊልም ኩባንያ በርሊን አጠገብ ባቤልስበርግ ላይ የድምፅ ስቱዲዮውን የሠራው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ካሜራው ራሱ ይጮህ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ የድምፅ ፊልሞች ካሜራውን ከነካሜራማኑ ድምፅ በማያሳልፍ ሳጥን ውስጥ ይዘጉበት ነበር። ተዋናይ ከማይክ ትንሽ ከራቀ ድምፁ ይጠፋል። ኦፉልስም ከቲያትር የመጣ፣ ፊልም ውስጥም ተዋናዮችን ንግግር በማለማመድ የጀመረ ሰው ነው።

ያንተ ጠላት ሌላ ነው፤ የከሰዓት ነፋስና የጀልባ ሞተር። ንግግር ያለበትን ትዕይንት በጠዋት ጨርስ። ከሰዓት ሐይቁ ይናወጣል። ማይኩን ነጠላ ሥር አትደብቅ፣ ጨርቁ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ነጠላውን አጠፍ አድርገህ ማይኩን ከላዩ ላይ እሰረው። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ይበልና የቦታውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቅዳ። ኤዲት ስታደርግ ታመሰግነኛለህ።

ደግሞ ይሄ ራሱ ኮሜዲ ነው እኮ! የድምፅ ባለሙያ ገጸ ባሕርይ የለህም፣ ጨምርልኝ። ፍቅረኞቹ ሊሳሳሙ ሲሉ ከዘጌ የሚመጣ ጀልባ ይሰማዋል፤ «ቁም!» ይላል። ጀልባው ሲያልፍ ባጃጅ ጡሩንባ ይነፋል፤ «ቁም!»። ዳይሬክተሩ እየጠለቀች ያለችውን ፀሐይ እያየ ይንቆራጠጣል። ባለ ደንገል ታንኳው ዓሣ አጥማጅ ብቻ ያለ ድምፅ ያልፋል፤ እሱን ግን ካሜራው ውስጥ ገባህ ብለው ይመልሱታል። የተስተካከለውን ስክሪፕት ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።