«ለጃኩዚው ዴክ ፐርሚት አያስፈልግም» ተብዬ ነበር

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለስድስት ሰው የሚሆን ጃኩዚ (የሙቅ ውሃ ገንዳ) ገዝተን ጓሮ ካለው ዴክ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር ከተያያዘው የእንጨት መድረክ ላይ ልናስቀምጠው ነበር። አንድ የሀገራችን ልጅ «ከሥር ቋሚ ጨምሬ አጠናክረዋለሁ፣ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) አያስፈልገውም» ብሎ በ6,000 ዶላር በቃል ተስማማን። 3,000 ሰጠሁት። አራት ቋሚ ብሎኬት ላይ አቁሞ ሄደ፤ አሁን ቀሪውን ካልከፈልሽ አልመለስም ይላል። እውነት ፐርሚት አያስፈልግም? ገንዘቤንስ ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሕጉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ጃኩዚውን ዴኩ ላይ እንዳያወጡት። ወጥቶ ከሆነም ውሃ አይሙሉበት።

400 ጋሎን የሚይዝ ከሆነ ውሃው ብቻ 15 ኩንታል ይመዝናል። ገንዳውና ስድስት ሰው ሲጨመሩ 23 ኩንታል ይጠጋል። ሰባት ጫማ በሰባት ጫማ በሆነች ቦታ ላይ 23 ኩንታል እህል ተቆልሎ፣ ከላዩ ልጆች ሲዘሉ ይታይዎት። በካሬ ጫማ ከ100 ፓውንድ በላይ ይሆናል፤ ተራ የቤት ዴክ የሚሠራው ግን 40 ፓውንድ ታስቦ ነው። ብሎኬት ላይ የቆመ ቋሚ ደግሞ በብርዱ ወራት መሬቱ በውርጭ ሲጠጥር ይነሳል፣ ሲቀልጥ ይሰምጣል። መሠረቱ ውርጭ ከማይደርስበት ጥልቀት መጀመር አለበት። ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው እንጨት በምስማር ብቻ የተመታ ከሆነም ከሥር ቋሚ መደርደር አያድነውም።

ስለዚህ ፐርሚት ያስፈልጋል። ለተራ ዴክ የተዘጋጁት የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ንድፎች ጃኩዚ ለሚሸከም ዴክ ስለማይሆኑ፣ መሐንዲስ ያሰላውና ማኅተም ያደረገበት ንድፍ ይዘው ይቅረቡ። የኤሌክትሪኩ ፐርሚት ለብቻው ነው፤ ሥራውም ላይሰንስ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይተው። ሰፈሩ ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው የእነሱንም ፈቃድ ይጠይቁ። የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ ዴኩ ተደርምሶ እንግዳ ቢጎዳ ተጠያቂነቱ ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ያለ ፐርሚት የተሠራ መሆኑ ሲታወቅም ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሎ ሊከራከር ይችላል። እኔ ብሆን ዴኩን ትቼ መሬት ላይ ኮንክሪት አስፈስሼ አስቀምጠው ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት የሚያድስ ሁሉ የግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ መሥራት ወንጀል ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ መብለጥ የለበትም፤ ከእርስዎ ግን ግማሹን ነው የወሰደው። ላይሰንሱን በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ዛሬውኑ ይፈልጉ፣ ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነውና። ካለው፣ ለኮሚሽኑ አቤት ብለው በኮንትራክተር ለተጎዱ የቤት ባለቤቶች ከሚከፍለው የኮሚሽኑ ዋስትና ፈንድ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ከሌለው ፈንዱ አይከፍልዎትም፤ እሱም በበኩሉ ቀሪውን 3,000 በፍርድ ቤት ሊያስከፍልዎ አይችልም። ስለዚህ ዛቻው አያስጨንቅዎ፣ አንድ ዶላር አይጨምሩ። የሰጡትን 3,000 ለማስመለስ እስከ 5,000 ዶላር ያለውን ክርክር ዲስትሪክት ኮርቱ በአነስተኛ ክስ መልክ ያያል፤ ጠበቃ የግድ አይደለም፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ከጠየቁ በነፃ ይመደብልዎታል። ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፣ ግን እስኪሞላ አይጠብቁ።

«የሀገር ልጅ ነው፣ እንዴት እከሰዋለሁ» የሚል ሐሳብ እንደሚመጣብዎ አውቃለሁ፤ ቢሮዬ የሚመጡት ብዙዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው። በሽማግሌ መጨረስ ክልክል አይደለም። መጀመሪያ ግን የቋሚዎቹን ፎቶ ከነብሎኬቱ ያንሱ፤ «ፐርሚት አያስፈልገውም» ያለበት የስልክ መልእክት ካለ አያጥፉት፤ ገንዘቡን በዜል (በባንክ በኩል በስልክ በሚላክበት መንገድ) ልከው ከሆነ ማስረጃውን ከባንክዎ ያውጡ። ከዚያ ገንዘቡን በ10 ቀን ውስጥ እንዲመልስ በጽሑፍ ይጠይቁት፣ የደብዳቤውንም ቅጂ ያስቀሩ።